የአንድ ካርድ ዕቅድ፦ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለን የዋይፋይ ሻጮች ምን እናቅርብ?

ጸሐፊው፦ ወገኖች፣ እንደተባባልነው መነሻውን እኔ ልጻፍ፤ ያልጣማችሁን ቆራርጡት። አሁን እያንዳንዳችን የየራሳችንን የኢንተርኔት መስመር አስገብተን የየራሳችንን የዋይፋይ ካርድ (የመግቢያ ቁጥር ያለበትን ወረቀት) እንሸጣለን። ፒያሳ ካርድ የገዛ ልጅ አራት ኪሎ ሲደርስ የያዘው ወረቀት ነው። በአንድ ስም ፈቃድ እንጠይቅ፣ አንድ ወፍራም መስመር እንግዛ፣ ካርዱም ሁላችንም ቤት ይሥራ። ቴክኒኩ አያስቸግርም። የሁላችንም ራውተር የካርዱን ቁጥር ከአንድ ሰርቨር (ቁጥሮቹን ከሚይዝ ኮምፒውተር) እንዲያጣራ ማድረግ ነው።

የፒያሳው፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ለምን ይገዛናል? ሳፋሪኮም በ2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ዳታ ላይ ፉክክር አለ። ድሮ በሰዓት ይገዛኝ የነበረ ደንበኛ ዛሬ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ጓደኞቹን ያስተናግዳል። ማኪያቶ ሳያዝ ፓስዎርድ የሚጠይቀውንማ ተዉት።

የአራት ኪሎዋ፦ ወንድሜ፣ የኔ ደንበኛ ባለ ላፕቶፕ ነው። ተማሪ ነው። አንድ የዊንዶውስ አፕዴት የገዛውን ጥቅል ሊበላበት ይችላል። እሱ በሰዓት እንጂ በጊጋ መግዛት አይፈልግም። ሌላው ደግሞ፣ «10 ሜጋ» እያልን የምንለጥፈውን ነገር እናቁም። ደንበኛው ሜጋባይት ይመስለዋል፤ እኛ የምንለው ሜጋቢት ነው። አንድ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ነው። በ100 ሜጋቢት መስመር 40 ሰው ባንዴ ካወረደ ለያንዳንዱ የሚደርሰው 2.5 ሜጋቢት ነው። ጥርት ያለ ኤችዲ ቪዲዮ ደግሞ ወደ 5 ይፈልጋል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ስንት እንደምናደርስ ሰነዱ ላይ ይጻፍ።

የቸርችሉ ቴክኒሻን፦ እኔ እንደሚመስለኝ የምንጎዳዳው እርስ በርሳችን ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች አንዱ በሆነው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች (የሞገዱ መስመሮች) ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አንድ ሕንፃ ላይ አምስት ሱቅ ራውተር ሲከፍት ሰርግ ድንኳን ውስጥ እንደማውራት ነው። ባለፈው ክረምት ኮኔክሽኔ ሲልፈሰፈስ መስመር አቅራቢዬን ስረግም ከረምኩ። ለካ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴም እኔም 6 ላይ ነበርን! ቡና ጠጥተን ቻናል ተካፈልን፤ በነጋታው ሰላም ሆነ። ሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ሰፊ ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። የፒያሳ የድሮ ግንብ ደግሞ (የተረፈው ማለቴ ነው) ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ቻናል መከፋፈል ከዕቅዱ መጀመሪያ ይግባ። ብር አይጠይቅም።

ሰብሳቢው፦ ልጆች፣ ፈቃዱን አቅልላችሁ አትዩት። ፈቃድ ሰጪው በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ደግሞ በ761/2004 አዋጅ በወንጀል ያስጠይቃል። «ለካፌ ደንበኛ ብቻ ነው» እያሉ ካርድ መቸርቸር አያዛልቅም። መስመር ያስገባችሁበትንም ውል አውጥታችሁ አንብቡት። መልሶ መሸጥን ይፈቅዳል? እኔ የራሴን ሳነብ ደንግጫለሁ።

የፒያሳው፦ ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ የኔ መስመር ሲጠፋ የናንተ ይሠራል። አንድ ወፍራም መስመር ካልን አብረን ነው የምንጨልመው።

ጸሐፊው፦ ይሄን አላሰብኩትም። እሺ፣ «አንድ ወፍራም መስመር» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ከሁለት አቅራቢ ሁለት መስመር ይሁን። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይያዝ፤ ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም። መብራት ሲሄድ ራውተሮቹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያቆያቸዋል። ሰርቨሩን የት እናስቀምጠው?

የአራት ኪሎዋ፦ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ጄኔሬተር አለኝ። ነዳጁን ግን እንካፈላለን።

የፒያሳው፦ እንካፈላለን እህቴ። የማኪያቶ ማሽንሽም በዚያው ጄኔሬተር እንደሚሠራ ግን ሂሳብ ውስጥ ይግባ።

ሰብሳቢው፦ የነዳጁ ነገር በአካል ስንገናኝ ይሁን። ቴክኒሻኑ እስከዚያው የቻናሉን ድልድል ጽፈህ አምጣ።