ለድንኳንም ለቤትም የሚሆነኝ የኃይል ማከማቻ የቱ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻዎችን (የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያላቸው ትልልቅ ባትሪዎችን) ሳወዳድር ሦስት ሳምንት አለፈኝ፤ እስካሁን አንዱንም አልገዛሁም። ትንሹ 500 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ በአንድ እጅ ይንጠለጠላል። ትልቁ 2000 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቱ ግን ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ከመኪናው እስከ ድንኳኑ መሸከሙን ሳስብ ወገቤን ከወዲሁ ያመኛል።

ለካምፕ መብራትና ስልክ መሙያ ይበቃኛል። ጭንቀቴ የቤቱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 120 ዋት ይላል። ሆኖም ሞተሩ ሲነሣ፣ ያ "ድም" የሚለው ድምፅ ሲሰማ፣ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ትንሹ ያለማቋረጥ የሚያወጣው 600 ዋት ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ራሱን ያጠፋ ይሆን? የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተርም የድርሻውን ስለሚበላ የተጻፈው 500 ዋት-ሰዓት ሙሉ በሙሉ እንደማይደርሰኝ ገብቶኛል።

የትልቁ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ያገለግላል። የትንሹ ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ ያለው ሌላ የሊቲየም ዓይነት ነው። ልቤ ወደ ትልቁ ያደላል፤ ጀርባዬ እምቢ ይላል።

በ600 ዋት ማከማቻ ማቀዝቀዣ አስነሥቶ ያየ ሰው አለ? ወይስ መካከለኛ የሆነ፣ 1000 ዋት-ሰዓት ገደማ የሚይዝ ብፈልግ ይሻለኛል? እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።