ጀማሪ ፊሎሎጂን ሌላ ሰው ባሰናዳው የንባብ ዝርዝር ይማር?

ቀለም፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፊሎሎጂንም (የቆዩ ጽሑፎችንና ቋንቋቸውን የሚመረምረውን ጥናት) ሆነ ሌላ የሂዩማኒቲስ (የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍናና የመሳሰሉት ጥናቶች) ዘርፍ በራሱ ጥረት ለመማር የተነሣ ሰው፣ ዐዋቂዎች መርጠው በኢንተርኔት ባሰናዱት የንባብ ዝርዝር እየተመራ ቢጀምር ይሻላል ወይስ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ራሱ እየፈለገ ቢሄድ? እኔ የመጀመሪያውን እደግፋለሁ። ዛሬ ጀማሪን የሚያስቸግረው የመጻሕፍት እጦት ሳይሆን ብዛታቸው ነው። የትኛው ሰዋስው እንደሚቀድም፣ የትኛው እትም በሌላ እንደተተካ የሚነግረው ካላገኘ መግቢያ መጻሕፍትን ብቻ እያገላበጠ ዓመቱ ያልቅበታል። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ ሮማዊው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው ሥራው 10ኛ መጽሐፍ፣ ተማሪ ሊያነባቸው የሚገቡትን የግሪክና የላቲን ደራስያን በየዘርፋቸው ደርድሮ ትቷል።

ብራና፦
ወዳጄ ቀለም ኩዊንቲሊያንን ካነሡ እኔ የጥንቱን ግሪካዊ ተውኔት ጸሐፊ ዩሪፒደስን ላንሣ። ከጻፋቸው ወደ 90 ከሚጠጉ ተውኔቶች በስሙ የደረሱን 19 ናቸው። ከእነዚህ 10ሩ በጥንት ዘመን ለትምህርት ቤት ተመርጠው ሲነበቡና ሲገለበጡ እንደኖሩ ይታመናል። የቀሩትን 9 ግን የመረጣቸው የለም፤ ሥራዎቹ በፊደል ተራ ከተደረደሩበት ስብስብ አንዱ ክፍል በአጋጣሚ ተርፎ፣ አርእስታቸው በግሪክኛ በኤፕሲሎን፣ በኤታ፣ በዮታና በካፓ የሚጀምሩት አብረው ተረፉ። ሄለንና ሁለቱ ኢፊጌንያዎች የተባሉት ተውኔቶች ዛሬ የሚነበቡት የስማቸው መነሻ ፊደል ስላዳናቸው ነው። መራጮቹ ሰነፎች ነበሩ አልልም፤ ነገሩ ለእነርሱ ብቻ ቢተው ኖሮ ግን ዛሬ ካለን ግማሽ ያህሉ አይኖርም ነበር። የተላለፈለትን ጽሑፍ እንዲመረምር የምናሠለጥነው ተማሪ፣ የመጀመሪያ ትምህርቱ የተላለፈለትን ምርጫ ሳይመረምር መቀበል መሆኑ አይዋጥልኝም።

ህዳግ፦
ቀለም የጠቀሱትን ኩዊንቲሊያንን ገልጠን ብናየው ጥሩ ነው። ደራስያኑን ሲዘረዝር ለምን እንደሚነበቡና በምን እንደሚጎድሉ አብሮ ይናገራል። ስለ ላቲን ገጣሚዎቹ ስለ ማኬርና ስለ ሉክሬትየስ ሲጽፍ፣ መነበብስ ይነበቡ፣ የአነጋገርን አካል የሚገነቡ ግን አይደሉም፣ አንዱ ዝቅ ያለ ሌላው አስቸጋሪ ነው ይላል። እኔ ሉክሬትየስን በዚህች ቃል አላሳልፈውም፤ ቢሆንም ምክንያቱን ስለጻፈልኝ ልሟገተው እችላለሁ። በኢንተርኔት የማገኛቸው ዝርዝሮች አብዛኞቹ ርእስና ማስፈንጠሪያ ብቻ ስለሆኑ ለሙግት እንኳ አይመቹም።

ከራሴ አንድ ነገር ላሳይ። መጽሐፈ ሄኖክን ማጥናት ስጀምር የተከተልሁት ዝርዝር ለግእዙ ጽሑፍ የሰጠው አንድ መስመር ነበር፤ የቻርልስ እትም፣ 1906 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ስለሆነ የእትሙ ምርጫ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። አርታዒው ቻርልስ 23 የብራና ቅጂዎችን አነጻጽሮ፣ ከዚህም ከዚያም የተሻለ የመሰለውን ንባብ እየወሰደ ጽሑፉን አቀናው። እኔም ከግርጌ በጥቃቅን ፊደል የተሰለፉትን የንባብ ልዩነቶች እየዘለልሁ፣ ከላይ የታተመውን እንደ ሄኖክ ራሱ ቆጥሬ ለወራት አነበብሁ። ኋላ የኒብ የ1978 እትም እጄ ሲገባ አሠራሩ ሌላ ሆነብኝ። ኒብ አንድ ቅጂ መርጦ እርሱን ያትማል፤ የሌሎቹን ልዩነት ከግርጌ ይመዘግባል፤ በሙት ባሕር አጠገብ ካለው ከቁምራን የተገኙትንና ሚሊክ የተባለው ተመራማሪ በ1976 ያሳተማቸውን የአረማይክ ቁርጥራጮችም ያገናዝባል። የቁምራን ግኝት የተጀመረው በ1947 ስለሆነ ቻርልስ ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ጽሑፍ ከብዙ ቅጂ ተመርጦ ይቀና ወይስ አንድ ደህና ቅጂ ይታተም የሚለው ደግሞ በፊሎሎጂ ውስጥ ከባዱ ሙግት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ዦዜፍ ቤዲዬ በ1928፣ አርታዒዎች የሚሥሉት የቅጂዎች የዘር ሐረግ (የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚያሳየው ሥዕል) ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ የሚያወጣው ለምንድን ነው ብሎ ጠይቆ፣ የአርታዒው እጅ እንዳለበት ጠርጥሯል። እኔ ግን አንዱን ወገን ይዤ ሳነብ ሌላ ወገን መኖሩን አላውቅም ነበር። ዝርዝሩ 1906ን የመረጠው የባለቤትነት መብቱ ስላበቃና በነጻ ስለሚወርድ ይመስለኛል፤ ይህን ግን የትም አልጻፈውም።

ቀለም፦
የነጻውን ነገር እንዲህ አናቃልለው። በአቅራቢያው ቤተ መጻሕፍት ለሌለው፣ የዘመናዊ እትም ዋጋም ለማይቀመስለት አንባቢ የቻርልስ እትም ከምንም በብዙ ይሻላል። የ23ቱ ቅጂዎች ልዩነትም ከግርጌው አለ፤ የዘለሉት እርስዎ ነዎት።

ህዳግ፦
እኔው ነኝ፤ አልክድም። ግርጌውን አትዝለል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከመስመሩ አጠገብ ቢጻፍልኝ ኖሮ ግን እነዚያን ወራት አላባክንም ነበር። የዝርዝር አሰናጅ ሥራው ይህ ነው እላለሁ፤ ርእስ መሰብሰቡን ማንኛውም ማውጫ ይሠራዋል።

ብራና፦
ምክንያት የተጻፈበት ዝርዝር ከባዶው እንደሚሻል እቀበላለሁ፤ ሆኖም ምክንያቱም የአንድ ሰው ምክንያት ነው፣ ያልተካተተውም ለምን እንደቀረ አይናገርም። በእኔ በኩል ጀማሪ አንድ አጭር ጽሑፍና ሁለት የማይስማሙ እትሞች ይሰጡት፤ ልዩነታቸውን ቃል በቃል ሲያስተያይ የሚያስፈልገውን መጽሐፍ ጥያቄው ራሱ ይመራዋል።

ቀለም፦
ሁለቱን እትሞችስ ማን ይመርጥለታል?

ብራና፦
እዚያ ላይ ያዙኝ። መምህሩ ይምረጥለት፤ ለምን እነዚህን እንደመረጠም ይንገረው።

ህዳግ፦
እንግዲያው የሄኖክን መስመር እንዲህ ላሻሽለው፤ «ቻርልስ፣ 1906፤ በነጻ ይገኛል፤ ከቁምራን በፊት የታተመ፤ ከ23 ቅጂዎች የተቀና፤ ግርጌውን አትዝለል። ኒብ፣ 1978፤ በአንድ ቅጂ ላይ የቆመ፤ አረማይኩን ያገናዘበ፤ አንዱን ምዕራፍ ከቻርልስ ጋር አስተያይ።»

ብራና፦
መስመሩን የጻፉበትን ቀንም ይጨምሩበት።