ቺጎንግን ከታኦ ሃይማኖት ነጥሎ መለማመድ ይቻላል ወይ?

ሚሚ ሲያትል

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ቺጎንግ የሚባለውን የቻይና የትንፋሽና የእንቅስቃሴ ልምምድ መማር ጀምሬያለሁ። ጀርባዬን ያመኝ ነበር፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኝ ነበር። አሁን ሁለቱም ተሽሎኛል፣ ይሄን መካድ አልችልም። አስተማሪው አሜሪካዊ ነው። ከእኔ በቀር ተማሪዎቹም ፈረንጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት የነበሩ፣ አሁን ግን የቤተ ክርስቲያን ነገር ሲነሳ ፊታቸው የሚለዋወጥ። ሃይማኖት አንፈልግም፣ ኢነርጂውን ግን እንፈልጋለን ይላሉ። አስተማሪውም ትምህርት ሲጀምር ሁሌ ይሄ ሃይማኖት አይደለም ይላል።

መጀመሪያ እጅ ማንሳትና መተንፈስ ብቻ ነበር። አሁን ከእምብርት በታች ሐሳብን መሰብሰብ መጣ፣ ከዚያ ኃይሉን በጀርባ አጥንት በኩል ወደ ጭንቅላት አውጥቶ በፊት በኩል ወደ ሆድ መመለስ፣ በቅርቡ ደግሞ ስለማይሞት መንፈስ ማውራት ተጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ቻይና ውስጥ ሁዋሻን የሚባል ተራራ ላይ የታኦ፣ ማለትም የጥንቱ የቻይና ሃይማኖት፣ መነኮሳት ወዳሉበት ሊሄዱ ነው፣ እኔንም ነይ ብለውኛል። መነኮሳት ካሉበት ሃይማኖት አይደለም ማለት እንዴት ይሆናል? ልምምዱን ከሃይማኖቱ ነጥለው መውሰድ ይችላሉ ወይስ ራሳቸውን እያታለሉ ነው? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስለዚህ ጥያቄው የምር ያስጨንቀኛል።

የቀበና ልጅ

ሚሚ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቻይና ስለሆነ ይሄን ጉዳይ ብዙ አንብቤበታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ብዙ ሰው ሃይማኖቱን የገፈፉት ፈረንጆች ናቸው ይላል። ቀድሞ የገፈፈው ግን የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ ነው። ሊዩ ጉይጀን የሚባል ወጣት የፓርቲ ሠራተኛ ነበር፣ ሄበይ ክፍለ ሀገር ውስጥ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የጨጓራ ቁስለት ይዞት ወደ አገር ቤት ተላከ። እዚያ አንድ አዋቂ ተቀምጦ የመተንፈስ ልምምድ አስተማረውና ዳነ። ፓርቲው ነገሩን ወደደው፤ የሠለጠነ ሐኪም እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ ይሄ ደግሞ ወጪ የለውም። ያስቸገራቸው ከአሮጌው እምነት ጋር መጣበቁ ነበር። ስለዚህ አጠቡት። ለምሳሌ ተለማማጁ በልቡ የሚደጋግመው ስለ ወርቅ ዘንዶ ጥፍር የሚናገር የድሮ ቃል ነበረ። እሱን አውጥተው፣ ለጤናዬ ብዬ ተቀምጬ እለማመዳለሁ የሚል መልእክት ያለው ቃል ተኩበት። ቺጎንግ የሚለው ስም ራሱ ለእነዚህ ልምምዶች ሁሉ የወል መጠሪያ ሆኖ የጸናው ከ1949 ወዲህ ነው። በ1950ዎቹ ታንግሻንና ቤይዳይሄ ከተሞች ላይ በዚሁ የሚያክሙ የመንግሥት ማገገሚያዎች ተከፈቱ።

የባህል አብዮቱ ሲመጣ ይሄም ኋላ ቀር ተብሎ ታገደ። በ1970ዎቹ ግን ጉዎ ሊን የምትባል የካንሰር ታማሚ ቤጂንግ መናፈሻዎች ውስጥ እየተራመደች ማስተማር ጀመረች፣ በ1980ዎቹ አገሩ በሙሉ በቺጎንግ አበደ ማለት ይቻላል። ከዚያ በ1992 ፋሉን ጎንግ የሚባል ቺጎንግን ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር የሚያስተምር እንቅስቃሴ ተነሳ፤ ሚያዝያ 1999 አሥር ሺህ ያህል ተከታዮቹ የመንግሥት መሪዎች ግቢ ዙሪያ ጸጥ ብለው ቆሙ፣ በሐምሌው ታገደ። መንግሥት በኋላ እንደ ባዱዋንጂን (ስምንት እንቅስቃሴ ያለው የቆየ ልምምድ) ያሉ የተመረጡ ልምምዶችን በስፖርት መሥሪያ ቤቱ በኩል ደረጃ አውጥቶ አሰራጨ። ልብ በይ፣ እዚያው ቻይና ውስጥ ሃይማኖቱ ወጥቶለት፣ ሃይማኖት የሚመስል ነገር ተመልሶ በቅሎበት፣ እንደገና ታጥቧል።

ወደ አንቺ ክፍል ስንመጣ፣ ያ በጀርባ ወጥቶ በፊት የሚወርደው ነገር ትንሹ የሰማይ ዑደት ይባላል። ምዕራብ አገር በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ ማንታክ ቺያ ነው። ታይላንድ የተወለደ ቻይናዊ ነው፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ካገኘው አንድ ባሕታዊ ተማረ፣ በ1979 ኒውዮርክ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፣ በኋላም ታይላንድ ቺያንግ ማይ ላይ ማዕከል ከፈተ። ሰውየው ያደረገው ትልቅ ነገር፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ከዓመታት ፈተና በኋላ በጆሮው የሚነግረውን ትምህርት ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ በመጽሐፍና በሳምንት መጨረሻ ሥልጠና ለማንም ከፋይ ክፍት ማድረጉ ነው። ይሄን እንደ ስርቆት የሚያዩት አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ደብቆ መያዝም የራሱ ግፍ አለበት። ግን ትምህርቱ የተሠራው ለምን እንደነበር መነገር አለበት። ኔይዳን የሚሉት የውስጥ ሥራ ነው፤ ጂንግ የሚሉትን የሰውነት ጥሪት ወደ ቺ፣ ማለትም ወደ ሕይወት ኃይል፣ ቺን ወደ መንፈስ መለወጥ፣ መጨረሻውም ከሞት ማምለጥ። ለጀርባ ሕመም አልተሠራም። አስተማሪሽ ስለማይሞት መንፈስ ያወራው ከሌላ ቦታ አምጥቶ አይደለም፣ የልምምዱ መድረሻ እሱ ስለሆነ ነው።

ዘተዋሕዶ

እህቴ ሚሚ፣ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎች ሳይጠይቁ ነው የሚገቡት።

እኔ ነገሩን እንዲህ አድርጌ አየሁት። አንድ ፈረንጅ ደብረ ሊባኖስ መጥቶ ስግደታችንን ወደደው እንበል። መውደቅ መነሳቱ ለወገብ ጥሩ ነው፣ ጾሙም ኮሌስትሮል ይቀንሳል ብሎ አገሩ ሄዶ ማስተማር ጀመረ። ጸሎቱን ተወው፣ ንስሐውን ተወው፣ ለማን እንደሚሰገድም አይነሳም። ተማሪዎቹ ይጎዳሉ? አይጎዱም፣ ወገባቸውም ይጠነክር ይሆናል። ግን አባቶቻችን ያን ቢያዩ ምን ይሰማቸዋል? ስግደት ነው ይሉታል? ሁዋሻን ያሉት መነኮሳትም ፈረንጆቹን ሲያዩ የሚሰማቸው ይሄ ይመስለኛል። እነሱ ቹዋንጀን የሚባለው ሥርዓት መነኮሳት ናቸው። አያገቡም፣ ሥጋ አይበሉም፣ ጸጉራቸውን አናታቸው ላይ ይቋጥራሉ፣ ጠዋትና ማታ በዜማ ጸሎት ያደርሳሉ። ሥርዓቱን በ12ኛው መቶ ዓመት ዋንግ ቾንግያንግ መሠረተው። ለእነሱ የኃይሉ ልምምድ ከዚህ ሕይወት ተለይቶ አይቆምም።

ስለ አንቺ፣ እጅ ማንሳቱና መተንፈሱ ሃይማኖት አይደለም፣ ማንም ቢሆን ሰውነቱን ያንቀሳቅሳል። ጉዳዩ የሚለወጠው ምስል ፊት ዕጣን አጪሺ፣ ለሦስቱ ንጹሐን ስገጂ ሲሉሽ ነው። ሦስቱ ንጹሐን የታኦ ሃይማኖት ከፍተኛ አማልክት ናቸው፣ አንዱ የሃይማኖቱ ጥንታዊ መምህር የሚባለው ላኦዙ ራሱ ነው። እሱ አምልኮ ነው። መሀል ላይ ያለውን፣ ማለትም ስለማይሞት መንፈስ የሚባለውን፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። እዚህ የምንጽፍልሽ ሰዎች የእሳቸውን ቦታ አንተካም።

ታይቺ ሎንዶን

የሁለታችሁንም አንብቤ በአንድ ነገር አልስማማም። ልምምዱ በሙሉ የታኦ ሃይማኖት ንብረት እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የጻፋችሁት። እንደዚያ አይደለም። ቻይና ውስጥ የትንፋሽና የእንቅስቃሴ ልምምድ ሐኪሞችም ቡድሂስቶችም ወታደሮችም የኮንፊሽየስ ምሁራንም ነበራቸው፣ ሁሉም እርስ በርስ ይዋዋሱ ነበር። የታኦ ካህናትም ቢሆኑ ሁሉም መነኮሳት አይደሉም፤ ጀንግዪ የሚባለው ሌላው ሥርዓት ካህናት ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ ተራ ሰው ባዱዋንጂን ሲሠራ ከማንም ምንም አልወሰደም። ለብዙ መቶ ዓመታት ተራ ሰው ሲሠራው የኖረ ነገር ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሃይማኖት አይደለም ተብሎ ይጀመርና ቀስ እያለ ሃይማኖት ይሆናል፣ ወይም ሃይማኖት ሆኖ ሳለ አይደለም ይባላል። በግልጽ የሚናገሩ አሉ። ቶሮንቶ ላይ ሞይ ሊን ሺን የሚባሉ ከሆንግ ኮንግ የመጡ መምህር በ1970 ታይቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ ማስተማር ጀመሩ፣ በ1981 ደግሞ የታኦ ቤተ መቅደስ ተቋም መሠረቱ። አብዛኛው ፈረንጅ የመጣው ለጉልበቱና ለወገቡ ነው፣ መሠዊያውን ያየው በኋላ ነው። ድርጅቱ አሁን በቤተ መቅደሱ ስም ራሱን ይጠራል፣ ሰውም አውቆ ይገባል ወይም አውቆ ይተወዋል። ይሄን አከብራለሁ። ሌላው ጫፍ ክሪስቶፈር ሺፐር ነው፣ የኔዘርላንድ ምሁር። ከሃይማኖቱ ምንም ሳይቀንስ ታይዋን ውስጥ ካህናቱ ሥር ተቀምጦ ተማረ፣ በ1968 ራሱ ካህን ሆነ። እሱንም አከብራለሁ። የማላከብረው መሀል ላይ ቆሞ ለጀማሪው ጤና ነው የሚል፣ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ምስጢር ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምር አስተማሪ ነው። እኔ ገንዘቤን የበላው እንደዚያ ያለ ነበር።

ፊዚዮ

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ የምናገረው ስለ ሰውነት ብቻ ነው።

ሚሚ፣ ጀርባሽ መሻሉ አይገርምም። ታይቺ ላይ ጥሩ ጥናት አለ። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ በ2010 ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያም የቆየ ሕመም) ላለባቸው፣ በ2012 ደግሞ ፓርኪንሰን ላለባቸው ሰዎች እንደረዳ ወጥቷል፤ የፓርኪንሰኖቹ ሚዛናቸው ተሻሻለ፣ መውደቃቸው ቀነሰ። አረጋውያን እንዳይወድቁ ማገዙም በደንብ የታወቀ ነው። ይሄ ሁሉ ለመሥራት ስለ ቺ ማመን አይጠይቅም።

የባዱዋንጂንን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ልብ ብለሽ እይው። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ላላ። ጣቶችሽን ሆድሽ ፊት ታቆላልፊያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ደረት ታነሺያለሽ፣ እዚያ መዳፍሽን ገልብጠሽ ወደ ሰማይ ትገፊያለሽ። ክንድሽ ሲዘረጋ የጎድን አጥንቶችሽ ይከፈታሉ፣ አከርካሪሽ ይሳባል፣ ትንፋሽሽ ሳታዢው ይረዝማል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚያጎነብስ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ብዙ የለም። ስድስቱን ድምፆችም ሳትማሪ አትቀሪም፤ ሹ ለጉበት፣ ኸ ለልብ፣ ኹ ለጣፊያ እያሉ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት ነው። ጉበትን ያክማል አልልም። ረጅም ትንፋሽ ማውጣት ግን የልብ ምትን ያረጋጋል፣ እንቅልፍሽንም የረዳሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

ጠንቀቅ የምልሽ ሐሳብን ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ላይ አስሮ ትንፋሽ መያዝ ላይ ነው። ቻይናዎች ራሳቸው ድሮ ያውቁታል፣ እሳቱ ከመንገዱ ወጣ ይሉታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥም ከቺጎንግ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ መታወክ ተጠቅሷል። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም። ግን ሰው እንቅልፍ ካጣ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ከተሰማው፣ ድምፅ ከሰማ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ማየት አለበት። ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከናካቴው ያን ክፍል ባይነካው ይሻላል። ገዳም ውስጥ መምህሩ ደቀ መዝሙሩን በየቀኑ ያየዋል፣ አበላሉን አስተኛኘቱን ያውቃል። የሳምንት መጨረሻ ሥልጠና ሰጥቶ በአውሮፕላን የሚሄድ አስተማሪ ይሄን አያይም።

ሚሚ ሲያትል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘተዋሕዶ፣ የስግደቱ ነገር ገብቶኛል። ታይቺ ሎንዶን ያልከውም እውነት ነው፤ የሁለተኛው ደረጃ ክፍያ ከመጀመሪያው እጥፍ ነው፣ ምን እንደምንማርበትም ገና አልተነገረንም። ባዱዋንጂኑን እቀጥላለሁ፣ ዑደቱን ለጊዜው አቆማለሁ። ጉዞውስ? እንደ ቱሪስት ብሄድ ነውር አለው?

የቀበና ልጅ

ነውር የለውም፣ ሁዋሻን ማንም የሚሄድበት ቦታ ነው። ሻንሺ ክፍለ ሀገር ነው፣ ከሺያን በፈጣን ባቡር ቅርብ ነው፣ ተራራው 2,154 ሜትር ቢሆንም የኬብል መኪና አለው። በበዓል ሰሞን አትሂጂ እንጂ፤ ሕዝቡ አያላውስም። ከቡድኑ ጋር ከሆነ ግን ፕሮግራሙን አስቀድመሽ ጠይቂ። እንዲህ ባሉ ጉዞዎች ዋሻ ውስጥ ገብቶ መለማመድ አለ፣ መቅደስ ውስጥ ሥርዓት ላይ መገኘትም ሊኖር ይችላል። ቆሞ ማየትና መስገድ የተለያዩ ናቸው፣ የትኛውን እንደሚጠብቁብሽ ከመሄድሽ በፊት እወቂ። አስተማሪውንም ከማን ተማርክ፣ ስንት ዓመት፣ ያስተማረህ ሰው ካህን ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው። ደህና አስተማሪ ይሄን ቢጠየቅ አይከፋውም።

ሚሚ ሲያትል

እሺ፣ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ እጠይቀዋለሁ። የሚለኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።