ጥያቄ፦ ከጎግል የሚመጣልኝ ጎብኚ በግማሽ ወረደ፣ ባክሊንክ (ከሌላ ድረ ገጽ ወደኔ የሚያመጣ ሊንክ) ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጓዳዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ የምግብ አሠራር የማቀርብበት ድረ ገጽ አለኝ፣ ከጀመርኩት አምስት ዓመት ሆነኝ። ፎቶውንም ጽሑፉንም ራሴ ነኝ የምሠራው፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ። ትናንት ሰርች ኮንሶል (ገጼ በጎግል ስንቴ እንደታየና እንደተከፈተ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ) ገብቼ ያለፉትን ሦስት ወራት ከዚያ በፊት ከነበሩት ሦስት ወራት ጋር ሳስተያይ ክሊኩ ከግማሽ በላይ ወርዷል። በጣም ደነገጥኩ። የበርበሬ አዘገጃጀት የሚለው ገጼ ሁሌ 2ኛ ወይ 3ኛ ነበር፣ አሁን 11ኛ ነው። እዚያ ድረስ ወርዶ የሚያይ ማን አለ?

አንድ የኤስኢኦ (ድረ ገጽን በፍለጋ ውጤት ከፍ የማድረግ ሥራ) ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ጎግል ደረጃ የሚሰጥበትን አልጎሪዝም ቀይሯል፣ 500 ባክሊንክ ካልገዛሽ አይመለስም አለኝ። የጠየቀኝ ብር የሦስት ወር የቤት ኪራዬ ነው። የገጾቹንም አድራሻ ከአማርኛ ወደ ላቲን ፊደል ቀይሪ ብሎኛል። ዛሬ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ነው፣ ፍልሰታ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ ሰው የጾም ምግብ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረኝ።

የማታ ኮደር፦
አትክፈይ እህቴ። መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ።

ጎግል መቀየሩ እውነት ነው። ሰኔ 23 የጀመረ ኮር አፕዴት (የደረጃ አሰጣጡ ትልቅ ለውጥ) ነበር፣ ያለቀው ሐምሌ 10 ነው። እንዲህ ዓይነቱን በዓመት ጥቂት ጊዜ ያደርጋሉ፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀንም ራሳቸው ያሳውቃሉ። ግን ይሄ ቅጣት አይደለም። የሁሉንም ገጽ ደረጃ እንደገና ሲመዝኑት አንዱ ይወጣል አንዱ ይወርዳል። የተገዛ ሊንክ ደግሞ የጎግልን ደንብ በግልጽ ይጥሳል። ሲያገኙት ወይ ከቁጥር አያስገቡትም፣ ወይ ለቅጣት ይዳርግሻል። ብርሽ በሁለቱም መንገድ ይበላል።

አድራሻውን አትንኪው። አንድ የአማርኛ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ወደ ኮድ ሲቀየር 9 ምልክት ይሆናል፣ ዶሮ ወጥ የሚለው ብቻ 36 ይወጣዋል፣ ለዛ ነው ቴሌግራም ላይ ስትልኪው የሚያስጠላው። ጎግል ግን ያነበዋል። የቆየ አድራሻ ያለ በቂ ምክንያት መቀየር አሁን ከደረሰብሽ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ቁጥር ወዳድ፦
ያወዳደርሽበት ጊዜ ነው የሸወደሽ። የዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፣ ሁዳዴ የገባው የካቲት 17። በፊት የነበሩት ሦስት ወራት ያልሻቸው ሁዳዴን ከነሕማማቱ ውጠውታል። የምግብ ገጽ በሁዳዴ ምን ያህል እንደሚጎበኝ ከኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ሽሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው ሁሉ ያኔ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ጋር ሲወዳደር ግንቦትና ሰኔ መውረዳቸው አይቀርም።

እንዲህ አድርጊ። ከሐምሌ 11 እስከ ትናንት ያለውን ከአምና ተመሳሳይ ቀናት ጋር አስተያዪ። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ይይዛል፣ ስለዚህ ታገኚዋለሽ። የፋሲካን ሰሞን ግን ከአምናው ጋር በቀን በቀን እንዳታስተያዪ፣ አምና ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው። ከዚያ ገጽ በገጽ እዪ። ደረጃው ያው ሆኖ በፍለጋ ውጤት ላይ የታየበት ብዛት ከቀነሰ ፈላጊው ነው የቀነሰው። ደረጃው ራሱ ከወረደ ግን ያ የጎግል ጉዳይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሦስተኛም ነገር አለ። እኔ በእንግሊዝኛ የእንጀራ አሠራር ገጽ አለኝ። ደረጃዬም ያው ነው፣ የሚታየውም ያው ነው፣ ክሊኩ ግን ቀንሷል። አሜሪካ ውስጥ ከግንቦት 2016 ጀምሮ ጎግል በኤአይ የተጻፈ መልስ ከላይ ያስቀምጣል፣ ሰው እሱን አንብቦ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ገጽ ካለሽ ለብቻው ለይተሽ እዪው፣ ከአማርኛው ጋር አትደባልቂው።

አዲስ ገቢ፦
እኔ የሰማሁት የጽሑፎቹን ቀን ወደ ዛሬ መቀየር ነው፣ ጎግል አዲስ ነገር ይወዳል ይባላል። በአንድ ማታ ያልቃል።

የማታ ኮደር፦
@አዲስ ገቢ ወንድሜ፣ ይሄን አትምከር። ጽሑፉ ሳይቀየር ቀኑን ብቻ መቀየር ጎግል ራሱ በመመሪያው አታድርጉ ካላቸው ነገሮች አንዱ ነው። አንባቢንም ማታለል ነው።

ጓዳዬ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥር ወዳድ እንዳልከው ከአምና ሐምሌ ጋር ሳስተያየው የወረደው 18 በመቶ ብቻ ነው! ሽሮና ምስር ደረጃቸው ያው ነው። የወረዱት በርበሬ፣ የቅቤ አነጣጠርና ድፎ ዳቦ ናቸው። ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አምና ሌላ ሰው ገጽ ሲበዛ ጎግል ይወዳል ብሎኝ 240 የሚሆን የውጭ አገር ምግብ አሠራር በማሽን አስተርጉሜ ጫንኩ። ላዛኛ፣ ሱሺ፣ ምኑ ቅጡ። አንዱንም ሠርቼው አላውቅም።

የማታ ኮደር፦
አየሽ፣ እኔ መጀመሪያ የማስተካክለው እሱን ነው። በመጋቢት 2024 እንደ ፈረንጆቹ ጎግል ሁለት ነገር አብሮ አደረገ። በ2022 የጀመረውን ጠቃሚ ይዘት የሚለይበትን ሥርዓት ከዋናው አሠራሩ ጋር ቀላቀለው፣ እግረ መንገዱንም ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የሚመረት ጽሑፍን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በማሽን ተጻፈም በሰው፣ ለማንም የማይጠቅም ከሆነ ያው ነው። በርበሬሽ የወረደው በነሱ ምክንያት ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን ሳትቀምሺው ለሰው ያቀረብሽው ምግብ ነው፣ እዚያ ገጽ ላይ መቆየት የለበትም።

በአንዴ አታጥፊ። በ16 ወር ውስጥ አንድም ክሊክ ያላገኙትን ለዪና ከነሱ ጀምሪ።

ቁጥር ወዳድ፦
የበርበሬ ገጽሽን ገብቼ አየሁት። ልናገር አይደል? ከላይ ስድስት አንቀጽ ስለ በርበሬ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው፣ በኔ ስልክ እስኪከፈት ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ ማለት ይቻላል። ጎግል የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው የሚፈልገው። ወደታች ስወርድ ደግሞ "በቂ ኮረሪማ፣ በቂ ነጭ አዝሙድ" ይላል። አምስት ኪሎ ዛላ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ስልኳን የያዘች ሴት "በቂ" ማለት ስንት እንደሆነ ነው የጠፋት! ለሱ ነው የመጣችው። በልጠውሽ የወጡትን ሁለቱን ከፍቼ አየኋቸው፣ ሁለቱም በኪሎ መጠኑን ጽፈዋል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከዛላው ጋር የሚወቀጥበትን ደረጃ በፎቶ አሳይቷል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ጾም በጸ እና ፆም በፀ ሰው ሁለቱንም ይጽፋል። ያንቺ አንባቢዎች የትኛውን እንደሚጽፉ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የፍለጋ ቃላቱን እዪና ርዕስ ላይ እሱን ተጠቀሚ።

ጓዳዬ፦
መጠኑን እኮ አውቀዋለሁ። እናቴ በየዓመቱ ስታዘጋጅ ከጎኗ ሆኜ ነው ያደግኩት፣ በጭልፋ ነበር የምትለካው፣ እኔ በኋላ በሚዛን መዝኜ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ደብተሩ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለምን እንዳላስገባሁት አላውቅም። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ካስተካከልኩ በኋላ መቼ ይመለሳል? የማጠፋቸውን ገጾችስ ወደ መነሻ ገጹ ላዙራቸው?

የማታ ኮደር፦
ጊዜውን ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም። ጥቂት ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥለው ኮር አፕዴት እስኪመጣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ለፍልሰታ ከሆነ ደረጃቸው ያልተነካውን የሽሮና የምስር ገጾች አሁኑኑ አጽጂ፣ ፎቶዎቹን አሳንሺ፣ እነሱ ናቸው የሚደርሱልሽ።

የሚጠፉትን ወደ መነሻ ገጹ አታዙሪ። ላዛኛ ብሎ የመጣ ሰው መነሻ ገጽ ላይ ምን ያገኛል? ጎግልም ያንን እንደጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው። ዝም ብለው 404 ወይም 410 (ገጹ የለም የሚል ምላሽ) ይመልሱ። በእርግጥ የሚተካው ገጽ ካለሽ ብቻ በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) ወደዚያ አዙሪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የበርበሬው ገጽ ሲያልቅ ሊንኩን እዚህ ጣይልን። እኔም በዚህ ዓመት ራሴ ላዘጋጅ አስቤ የኮረሪማው መጠን ነው የቸገረኝ።