የፒቪኤ ሃይድሮጄል የቁስል ማሸጊያ ለምን ይልፈሰፈሳል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ላብ ውስጥ ለቁስል ማሸጊያ የሚሆን ሃይድሮጄል (ውሃ የያዘ ጄል) ለመሥራት 10% ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፖሊመር) በ-20 ዲግሪ አንዴ አቀዝቅዘን አቀለጥነው። ነጫጭ ጓል አለው፤ ሲነሳም ይቀደዳል። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ጓሉ ያልሟሟ ፒቪኤ ነው። 98% ሃይድሮላይዝድ የሆነው (የአሲቴት ቡድኖቹ 98% ወደ አልኮል የተቀየሩት) ከ90 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ በ92 ገደማ ስለሚፈላ ክፍት ቢከር ውስጥ ይተናል። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ነስንሱ፤ ከዚያ ክዳኑን አላልታችሁ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያሞቅ ማሽን) 121 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ። የ88%ቱ ቶሎ ይሟሟል፣ ግን በማቀዝቀዝ ብቻ ጠንክሮ አይረጋም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ጠርሙሱን እዩት እስቲ።

መልስ፦ አንድ ዙር አይበቃም። የፒቪኤን ሞለኪውል ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያስሩት ጥቃቅን ክሪስታሎች በየዙሩ ይጨምራሉ፤ 16 ሰዓት በረዶ፣ 8 ሰዓት ማቅለጥ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ። መብራት ከጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ያለቀውን ጄል ግን አውቶክሌቭ እንዳታደርጉት፣ መልሶ ይቀልጣል።

መልስ፦ ጄሉ ብዙ ፈሳሽ ለሚያወጣ ቁስል አይሆንም፤ የዳሩን ቆዳ አርሶ ያነጣዋል።