ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት እስረኞች እንዴት ነበር የሚኖሩት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ስንጨዋወት አንድ ጓደኛዬ «አውስትራሊያን ያቀኗት ሌቦች ናቸው» አለ። እንግሊዝ እስረኞቿን በመርከብ ትልክ እንደነበር አውቃለሁ። ከመርከብ ከወረዱ በኋላስ? ዕድሜ ልካቸውን በእግር ብረት ነበር የሚኖሩት?

የሲድኒዋ፦
ወንድሜ፣ እኔ የምኖረው ሲድኒ ነው። መሃል ከተማ ግዞተኞች ያድሩበት የነበረ ሃይድ ፓርክ ባራክስ የሚባል የጡብ ሕንፃ አለ፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እግር ብረት ለሁሉም አልነበረም። በዋናነት እዚያው ሄዶ ዳግም ላጠፋ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ 11 መርከቦች በ1788 ሲደርሱ እስር ቤት የሚባል ነገር እንኳ አልነበረም። ከኋላ ባሕር፣ ከፊት የማያውቁት ጫካ፤ ወዴት ይኬዳል? ለ30 ዓመት ያህል የሲድኒ ግዞተኛ የመንግሥትን ሥራ ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ይለቀቃል። ከዚያ ለግለሰብ እየሠራ የቤት ኪራዩን ይከፍላል። እስረኛ ኪራይ ሲከፍል አስበው! ባራክሱ በ1819 ሲከፈት ይህ ለብዙዎቹ ወንዶች ቀረ።

ላይኛው ፎቅ ላይ የሸራ መኝታዎች በገመድ ተንጠልጥለው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ለ600 ሰው በተሠራ ቤት አንዳንዴ ከእጥፍ በላይ ያድርበት ነበር። ቁርስ የበቆሎ ገንፎ። አንጀቴን የበላው ግን አንድ ሸሚዝ ነው። ሰማያዊ ሰንበር ያለው የጥጥ ሸሚዝ፣ ከወለሉ ጣውላ ሥር የተገኘ። አይጦች ለጎጇቸው ጨርቅ እየጎተቱ እዚያ ይከቱ ነበር። ፊቱ ቆሜ፣ ባለቤቱ በነጋታው ምን ለብሶ ወጣ እያልኩ ቀረሁ።

መምህሩ፦
እህታችን ጥሩ አድርገሽ ነገርሽው። ልጨምር። ሕንፃውን የነደፈው ፍራንሲስ ግሪንዌይ ራሱ ግዞተኛ ነበር፤ ሰነድ አጭበርብሮ 14 ዓመት የተፈረደበት። የብዙዎቹ ቅጣት 7 ዓመት ነው። ገጠር ለባለ እርሻ የተመደበ ሰው ዕጣው በጌታው እጅ ነው። ክፉ ከገጠመው ለትንሽ ጥፋት ዳኛ ፊት ይቀርብና 50 ጅራፍ ይፈረድበታል። ጠባዩ ካማረ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያገኛል። ለራሱ ሠርቶ ይኖራል፣ ግን ከወረዳው አይወጣም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሴቶችስ ነበሩ? ሲፈቱ አገራቸው ይመለሱ ነበር?

የሲድኒዋ፦
የመመለሻውን የሚከፍልላቸው አልነበረም። ስለዚህ አብዛኛው እዚያው ቀረ።

«ያቀኗት» ያልከው ግን ቅር አለኝ። መሬቱ ባለቤት ነበረው። የዛሬዋ መሃል ሲድኒ የጋዲጋል ሕዝብ አገር ናት። በ1789 ፈንጣጣ ገብቶ እጅግ ብዙዎቹን ፈጃቸው። የግዞተኛው መከራ እውነት ነው፤ የእነሱም አይረሳ።

ሴቶችም ነበሩ፣ በሺህ የሚቆጠሩ። ሜሪ ሪቢ ፈረስ ሰርቀሻል ተብላ ሲፈረድባት ገና 13 ዓመቷ ነበር። በ1792 እዚህ ደረሰች። አገባች፣ 7 ልጅ ወለደች፣ ባሏ ሞተባት። ንግዱን ብቻዋን ይዛ ከከተማዋ ሀብታሞች አንዷ ሆነች። ፊቷን ማየት ከፈለግህ የአውስትራሊያን የ20 ዶላር ኖት ፈልግ። መነጽር ያደረገችው አሮጊት እሷ ናት።