የኮልድ ቼይን የጋራ ዕቅዳችን ስለ ውርጭም ይናገር

ደብረ ብርሃን (ረቂቅ አቅራቢ)፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ የየወረዳው የጤና ባልደረቦቼ። ለዞኑ የምናቀርበው የኮልድ ቼይን (ክትባትና መድኃኒት በቅዝቃዜ የማቆያና የማጓጓዣ ሰንሰለት) ረቂቅ ሦስት ጥያቄ ይዟል፤ ለቆላ ወረዳዎች ተጨማሪ አይስፓክ (ውኃው በረዶ ሆኖ ክትባት የሚያቀዘቅዝ ማሸጊያ)፣ ለየጤና ጣቢያው የ30 ቀን የሙቀት መመዝገቢያ፣ ለፍሪጆች መለዋወጫና ጥገና። ክትባት፣ ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን (የወላድን ደም መፍሰስ የሚከላከለው መድኃኒት) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጡ የሚለውን መድገም አያሻም። የጎደለውን ንገሩኝ።

መሃል ሜዳ፦ የጎደለው ውርጩ ነው። ረቂቁ ከዳር እስከ ዳር የሚያወራው ስለ ሙቀት ብቻ ነው። እኛ ጋ መንዝ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት መኪና ላይ ያደረ ካሪየር (የክትባት መያዣ ሳጥን) ምን ይሆናል? ፔንታቫለንት፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቲዲ፣ ፒሲቪና ኤችፒቪ የተባሉት ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሠሩ አለቀላቸው። ውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ጨው ይቋጠራል፤ ቢቀልጥም ወደ ነበረበት አይመለስም። ቪቪኤም (ብልቃጡ ላይ ያለው ቀለም የሚለውጥ ምልክት) ደግሞ የሚቆጥረው ሙቀትን ነው። የምልክቱ ውስጠኛ ካሬ ነጭ ሆኖ «ደህና ነው» እያለ ክትባቱ ግን የሞተ ሊሆን ይችላል።

ሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ ውርጩ እውነት ነው። ግን «አይስፓክ ይቀነስ» የሚል ቃል እንዳይገባብን። ከደብረ ብርሃን የተነሣ መኪና ጣርማበርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ከጣርማበር ጫፍ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዷል። ጠዋት በብርድ የታሸገው ቀትር ላይ የሚከፈተው በቆላ ሙቀት ነው።

መሃል ሜዳ፦ ይቀነስ አላልኩም እህቴ፤ ቁጥሩ ይሙላ፣ ግን በደንብ ይለስልስ። አይስፓኮቹ ከፍሪዘር ወጥተው ሳይነባበሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ። ላያቸው ላብ ሲያወጣ አንዱን አንሥቶ ጆሮ ጋ መነቅነቅ ነው፤ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ዜሮ ደርሷል፣ ይታሸግ። በቆላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በብርድ አገር ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ይፈጃል። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ሹፌር ሞተር አስነሥቶ ሲጠብቅ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይታሸጋል፣ ከግድግዳው የተጠጋው ብልቃጥ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ አይስፓክ ቀድሞ የሚያወጣ ሰው በስም ይመደብ፣ ካሪየርም ሌሊት መኪና ላይ አይደር ተብሎ ይጻፍልን።

ዓለም ከተማ፦ በመመዝገቢያው ላይ ልጨምር። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር ማንበብ ሌሊቱን አያሳይም። የ30 ቀኑ መሣሪያ ግን ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ሲቆይ፣ ወይም ከዜሮ በታች 0.5 ሆኖ 60 ደቂቃ ሲሞላ ያስጠነቅቃል። ከዚያስ ማን ምን ያድርግ? ረቂቁ ዝም ብሏል። በዓይን በረዶ ሆኖ የታየ ብልቃጥ ሙከራ አያስፈልገውም፣ ይወገዳል። ለተጠረጠረው ሼክ ቴስት (የመነቅነቅ ሙከራ) አለ። ከዚያው አምራች፣ ከዚያው ባች (የምርት ዙር) አንድ ብልቃጥ «ለሙከራ ብቻ» ተብሎ ይጻፍበትና ፍሪዘር ውስጥ ይደር፤ ጠዋት ይቅለጥ። ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መነቅነቅ፣ ጎን ለጎን አቁሞ እስከ 30 ደቂቃ ማየት። የተጠረጠረው ከሙከራው እኩል ወይም ቀድሞ ከዘቀጠ ተበላሽቷል። አንድ ብልቃጥ ለሙከራ መሠዋት ብዙ ሰው ያሳሳዋል፤ ያልሠራ ክትባት ሕፃን ላይ መውጋት ግን ይብሳል።

ሸዋ ሮቢት፦ ይህ ይግባ። ኢንሱሊንም አይረሳ፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቀልጦ ጥርት ቢልም ይጣላል። በቤት ፍሪጅ የሚያስቀምጥ ታካሚ ከበረዶ ቤቱ አርቆ እንዲያኖር መድኃኒት ቤቶች ሲያስረክቡ ይንገሩት።

ደብረ ብርሃን፦ ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ተለውጧል፦ «ለሁሉም ወረዳ፣ 4 አይስፓክ ለሚይዝ ለእያንዳንዱ ካሪየር 8 አይስፓክ፤ 4ቱ ሲሠሩ 4ቱ ፍሪዘር ውስጥ እንዲሆኑ»። ለመንዝና ለጣርማበር ደግሞ በረዶ የሚከላከለውን ካሪየር እንጠይቅ? አይስፓኩና ክትባቱ መካከል ግድግዳ ስላለው ማለስለስ አይፈልግም።

መሃል ሜዳ፦ እንጠይቅ፤ ግን ከተለመደው ይከብዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ዳገት በእግር ነው የሚወጡት። መኪና ለሚገባባቸው ጤና ጣቢያዎች ይሁን፤ ለጤና ኬላዎቹ ከመወሰናችን በፊት ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ይጠየቁ።

ደብረ ብርሃን፦ እሺ፣ የኬላዎቹን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ከየወረዳችሁ የሁለት ሁለት ኬላ መልስ ላኩልኝ።